የማኅበሩ ተራ ለማን ይደርሳል? ጥበብ፣ እምነትና አብሮ መኖር በሰሜን ሸዋ

የደብረ ብርሃንን ብርድ ችሎ ከቤቱ ለወጣ አድማጭ ነገሩ ፍሬ ያለው ሊሆን ይገባል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

ስለ ጥበብና ስለ እምነት በአደባባይ ሲነገር ንግግሩ ብዙ ጊዜ ከውዳሴ አያልፍም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ይወደሳል፣ የላሊበላ ውቅር ይነሳል፣ ተጨብጭቦ ይበተናል። የዛሬው ንግግር ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ጥበብና እምነት ሰው ለሰው የሚያስብበትን፣ ደካማውና እንግዳው ደጅ የማይቀርበትን ማኅበረሰብ የሚገነቡት እንዴት ነው? ታሪክ እንደሚያሳየው ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት እንዲያው በባሕርያቸው አይደለም። ያስታረቀው እምነት ሰው አስወግሯል፤ ሕዝብ የሰበሰበው ጥበብም ሠሪውን ከሕዝብ ለይቶ አኑሯል። ነገሩን የሚወስነው ለእያንዳንዱ ሰው ተራ የሚሰጥ ሥርዓት መኖሩና አለመኖሩ ነው። ይህን ለማሳየት ንግግሩ በሦስት ክፍል ይሄዳል፤ መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ ምሥረታ፣ ቀጥሎ ወደ ማኅበሩና ወደ ማሕሌቱ፣ በመጨረሻም ወደ ገበያውና ወደ ባለ እጆቹ።

የመጀመሪያው ክፍል መነሻው ተጉለት ነው። በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩ። ያከራከረው ሰንበት ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ የመንፈስ ልጆች ከእሑድ ጋር ቅዳሜም በሰንበትነት ትከበር ብለው መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሲሟገቱ ኖረዋል። በዚህ የተነሳ ክህነት ተነፍገው፣ ከጳጳሱም ከቤተ መንግሥቱም ርቀው በየገዳማቸው ተቀምጠው ነበር። በደብረ ምጥማቅ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ወደ ክህነቱ ተመለሱ። አንዱ ወገን ሌላውን ውጦ አልተገኘም፤ ሁለቱም የያዙት ቀን በአንድ ቤት ውስጥ ቦታ አገኘ።

በዚያው ንጉሥ ዘመን የሆነው ሌላው ታሪክ ግን ጨለማ አለበት። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት የሚገባው ለሥላሴ ብቻ ነው በሚለው ትምህርታቸው ጸንተው ለንጉሡም፣ ለእመቤታችን ሥዕልም፣ ለመስቀልም አንሰግድም አሉ። ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ከመካከላቸውም በድንጋይ የተወገሩ አሉ። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ከዚህ ውግራት ጥቂት ጊዜ በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን ውግራቱ በእግዚአብሔር ዘንድ ለመወደዱ ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት፤ የቀረውን ዘመናቸውንም በአብዛኛው እዚሁ አሳለፉ። የታሪክ አጥኚዎች ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ኮከቡም ሆነ ተአምሩ፣ ከተማዋ የተመሠረተችው ከዕርቅም ከውግራትም በኋላ መሆኑን የከተማዋ ልጆች ሊያውቁት ይገባል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጥበብ ዳር ቆሞ ተመልካች አልነበረም። የዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሥዕልና የመጽሐፍ ዘመን ነው። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እመቤታችንን ከነልጇ የሣለው በዚያን ጊዜ ነው፤ ተአምረ ማርያምም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ የታዘዘው በዚሁ ንጉሥ ነው። ፊደል የማያውቅ ገበሬ ሥዕሉን እያየ፣ ንባቡን እየሰማ ከመኳንንቱ ጋር አንድ ታሪክ ተካፍሏል። ድሀው፣ በሽተኛው፣ መበለቲቱ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ሆኖም ያው ሥዕል ሰው መፈተኛ ሆኖ ሲቀርብ የሰገደውን ካልሰገደው ለየ። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በፊቱ የቆመው ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው ፍጻሜው ነው። ከስደቱ የተረፉት የእስጢፋኖስ ልጆች በአጋሜ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ጸንተው ብራና መፋቅና መጽሐፍ መጻፍ ያዙ። የጉንዳ ጉንዶ መጻሕፍት በአጻጻፋቸው ጥራት፣ በሐረጋቸውና በቀለማቸው እስከ ዛሬ በዓለም የሥነ ጥበብ አጥኚዎች ዘንድ ተለይተው ይታወቃሉ። ገዳሙም ውሎ አድሮ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታርቋል። የተገፋው ወገን ለአገሪቱ ቅርስ ያበረከተው ይህን ያህል ከሆነ፣ በድንጋይ የወደቁት ሰዎች እጅ ምን ሊያበረክት ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ክፍል ከንጉሥ ሸንጎ ወደ ገበሬ ቤት ይወርዳል። በመንዝም፣ በተጉለትም፣ በቡልጋም፣ በአንኮበርም የወሩ ቀኖች ባለቤት አላቸው፤ 12 የሚካኤል፣ 21 የማርያም፣ 27 የመድኃኔዓለም ነው። የጽዋ ማኅበሩ በእነዚህ ቀኖች ከአባል ቤት አባል ቤት እየዞረ ይሰበሰባል። ተራው የደረሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ይጠብቃል። ካህኑ ይባርካል፣ ሙሴው ሥነ ሥርዓቱን ይመራል፣ ጽዋውም ለመጪው ወር ባለ ተራ ይሰጣል። በመካከሉ ከጠላውና ከዳቦው የሚበልጠው ሥራ ይሠራል። የቀረ ሰው ካለ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። የታመመ ካለ ጠያቂ ይመደባል፤ መከሩ ሜዳ ላይ የቀረበት ካለ ቀን ተቆርጦ ይታጨድለታል። የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ነውና ሽማግሌ እዚያው ይቀመጣል። ከደጅ ለተሰበሰቡት ነዳያንም ድርሻቸው ይወጣል።

የዚህ ሥርዓት ብልሃቱ ተራው ነው። ባለ ብዙ ጥማድም ባለ አንድ በሬም የሚደግሱት በየተራቸው ነው፤ ዛሬ የበላው ነገ ያበላል። ሰጪና ተቀባይ ቦታ ስለሚለዋወጡ ማንም የማንም ጥገኛ ሆኖ አይቀርም። የሰንበቴውም አካሄድ ይኸው ነው፤ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ባለ ተራዎች ያመጡትን ምእመኑ፣ መንገደኛውና ድሀው አብረው ይቀምሳሉ። ይህ ሁሉ ሲባል የሥርዓቱን ጉድለትም መናገር ያስፈልጋል። ተራ ለማውጣት እህል ያስፈልጋል። ጎተራዋ ባዶ የሆነባት መበለት አባል መሆን አቅቷት ከደጅ ከቆሙት ጋር ልትቀላቀል ትችላለች። ማኅበሩ ቢያስብላትም እንኳ በማኅበሩ ውስጥ ድምፅ የላትም።

ማሕሌቱም እንዲሁ በተራ የቆመ ነው። በደብሩ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ከሁለቱም ወገን ተስማምተው ካልሄዱ ወረቡ ይፈርሳል። የቱንም ያህል ድምፀ መልካም መሪ ብቻውን ማሕሌት አይቆምም። ያሬዳዊው ዜማ አድማጭን ከማስደሰት አልፎ መዘምራኑን ራሳቸውን አንዱ ሌላውን እንዲያዳምጥ የሚያሠለጥን ጥበብ ነው።

ለዚህ ማሕሌት የሚያበቃው የትምህርት መንገድም የሕዝብ ርኅራኄ የተሸከመው ነው። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በማያውቀው አገር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የማን ልጅ ነህ ተብሎ ሳይመረመር ቁራሽ ይሰጠዋል። ከጎጃም የመጣው በሸዋ፣ ከሸዋ የሄደው በጎንደር ወይም በወሎ እንዲህ ተምሯል። ዜማውና ቅኔው በቃል የሚያዙ በመሆናቸውም ዓይነ ስውራን በዚህ ትምህርት ቤት ገብተው መምህር ሆነው ወጥተዋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛን ለመቀበል ገና ሲንደረደር፣ በጎጆ ውስጥ ያለ ጉባኤ ቤት ዓይነ ስውሩን የኔታ ብሎ ከፊቱ ቁጭ ብሏል። የበቃ ሰው ወንበር እንዲተክል የፈቀደው ሥርዓት ነው ይህን ያስቻለው። ሴቶች ግን ለረጅም ዘመን ከዚህ ወንበር ርቀው ኖረዋል፤ በማሕሌቱም ድርሻቸው እልልታና ጭብጨባ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው የሚዘምሩበትንና ከበሮ የሚመቱበትን ቦታ ከፍቷል።

በዓሉ ወደ ሜዳ ሲወጣ ደግሞ ክበቡ ይሰፋል። በሚንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲ በጥምቀት 44 ታቦታት በአንድ ሜዳ ያድራሉ። እያንዳንዱ ደብር የራሱን ዝማሬና ጭፈራ ይዞ ይመጣል፤ ሜዳው ግን የአንድ ደብር አይደለም። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያየው ይህን መሰሉን የሕዝብ ጥበብ ነው።

እምነቱ የተለየ ጎረቤትስ? በዚህ አካባቢና በወሎ ሕዝቡ ያገኘው መልስ አስተማሪ ነው። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻው በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንና ወጥ ሠሪውንም ይለያል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ ጾም ከሆነም የጾሙን ወጥ አይረሳባቸውም። ሁለቱም ልዩነት የለንም ብለው አላስመሰሉም፤ ልዩነቱን አውቀው ለእሱ የሚሆን ምድጃ ጎለቱ። በደብረ ምጥማቅ ሊቃውንት በጉባኤ የደረሱበትን ነገር እናቶች በማጀት ውስጥ በየሠርጉ ይሠሩታል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ከአንኮበር አምባ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ይወስዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዓርብ የሚቆመው የአልዩ አምባ ገበያ ደጋውን ከአፋር በረሃና ከባሕር ጋር ያገናኝ ነበር። ከታጁራ የተነሳው የጨው ቅፍለት የሚራገፈው በዚያ ነው። የአልዩ አምባ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነበር፤ ክርስቲያኑ ንጉሥም የይፋትን ቆላ በጎንቾ ለተቀመጠው ለሙስሊሙ ሹም ለወላስማ መሐመድ ሰጥተው በእሱ በኩል ያስተዳድሩ ነበር። በዚሁ ቁልቁለት ላይ የሚኖሩት አርጎባዎች በንግድ፣ በእርከን እርሻና በሽመና የታወቁ ናቸው። የአርጎባ ሸማኔ ሙስሊም ነው፤ ጥጡን ፈትላ፣ ሸማውን ገዝታ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ክርስቲያን ናት። እምነት ሳይጠያየቁ አንዱ በሌላው ጥበብ ሲያጌጡ ኖረዋል። ይህን ብቻ ተናግሮ ማለፍ ግን ለታሪክ ታማኝነት አይደለም፤ የባሪያ ነጋዴዎች ቅፍለትም በዚያው መንገድ ያልፍ ነበር፤ በሁለቱም እምነት ውስጥ ለእነዚያ ምርኮኞች ተራ የሰጠ ሥርዓት አልተገኘም።

ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በሣህለ ሥላሴ ዘንድ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ሃሪስ በአንኮበር አካባቢ በጫካ ተለይተው ስለሚኖሩ ባለ እጆች ጽፏል። ሕዝቡ ጠይብ ይላቸዋል። ማረሻውን የሚቀጠቅጡት፣ ማሰሮውንና ምጣዱን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ በጠንቋይነት የሚፈሩትና የሚሸሹትም እነሱው። በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል ዘራቸውን ከቤተ እስራኤል የሚቆጥሩ አሉ፤ በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎችም ከዚሁ አካባቢ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ነገሩን ለሚያስተውል እጅግ ያስገርማል። የማኅበሩ ጠላ የተጠመቀበት ጋን፣ ዳቦው የተጋገረበት ምጣድ፣ የጽዋው ገል ሳይቀር የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ጋኑ ከማኅበሩ ቤት ገባ፤ ጋኑን የሠራችው ሴት ግን ቡዳ ናት ተብላ ከደጅ ቀረች።

በጨለማ ተነስተው በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎች፣ ሐሚናዎችም የሚባሉት፣ ዕጣቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዜማ ካቆሙ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው አሉባልታ ተከትሏቸው ኖሯል። ጎህ ሳይቀድ ድምፃቸውን ያሰማሉ፣ የባለቤቱን ስም ጠርተው ይመርቃሉ፣ ምጽዋታቸውን ተቀብለው ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። ምርቃታቸው ይፈለጋል፤ ጉርብትናቸው ይፈራል።

ይህን ልማድ ለመስበር የተነሳው ድምፅ ከዚሁ አገር የበቀለ መሆኑ ሊታወስ ይገባል። በአንጎለላ ተወልደው በአንኮበር የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ በተሳዳቢውም ላይ ቅጣት ጣሉ። ለክልከላው ያቀረቡት ምክንያት የእምነት ምክንያት ነበር፤ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ነውና አንዱ ሌላውን የሚንቅበት ዘር የለውም የሚል። ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣኔ የሚመጣው በእጅ ሥራ መሆኑን አይተው ነበር። አዋጁ ስድብን ሊቀጣ ቻለ፤ በማኅበርና በጋብቻ የተዘጋውን በር ግን በአንድ ቀን ሊከፍት አልቻለም።

በሌላ በኩል የአንኮበር እጅ ዓለም ያከበረው እጅ ሆኗል። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በወጣትነቱ ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍኑት የባለ ቀለም መስታወት መስኮቶቹ የአንድ አህጉርን ትግልና ተስፋ አሳየ። በዓዲግራት የካቶሊክ ካቴድራል የመጨረሻውን ፍርድ ሣለ። የመኳንንት መቀመጫ በነበረች አምባ የተወለደ ልጅ ለካቶሊኩም ለአህጉሩም ጉባኤ የሚሆን ሥራ ሊሠራ መቻሉ ጥበብ ከሰፈሩ አጥር ምን ያህል ሊሻገር እንደሚችል ያሳያል። በሕይወት ሳለ ታላላቅ የክብር ስሞች ተሰጥተውታል፤ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍም አገር አዝኗል። ሸክላ የምትሠራው የአንኮበር እናት ግን በዚያው አፈር፣ በዚያው ዓይነት ጥንቁቅ እጅ ብትሠራም ስሟን የሚጠራ የለም።

እነዚህ ሦስት ክፍሎች አንድ ላይ ሲታዩ ፍርዱ ይኸው ነው። በሰሜን ሸዋ እምነት ማዕድ ዘርግቷል፤ ጥበብም ማዕዱን ዜማና ጌጥ ሰጥቶታል፤ ሁለቱም ግን ሰውን ያቀፉት ተራ በሰጡበት ልክ ብቻ ነው። ደብረ ምጥማቅ፣ ጽዋው፣ ማሕሌቱ፣ የዓይነ ስውሩ መምህር ወንበር፣ የሠርጉ ሁለት ምድጃ ተራ የተሰጠባቸው ናቸው። ውግራቱ፣ የባሪያው ቅፍለት፣ የጠይቡ ጫካ ተራ የተነፈገባቸው ናቸው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ባለፉት ዓመታት ከወለጋና ከሌሎች ስፍራዎች የተፈናቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ መጠለያዎች ይኖራሉ። የከተማዋ ሕዝብ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ እህልና ልብስ አካፍለዋል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በመጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ለዓመታት ተቀባይ ብቻ ሆኖ ሲኖር ክብሩ ይጎዳል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የሚፈትሉ፣ የሚሸምኑ፣ የሚያንጹ፣ ዜማና መንዙማ የሚያውቁ አይጠፉም።

ስለዚህ ለዛሬው አድማጭ የቀረበው ጥሪ ቀላልና የሚጨበጥ ነው። የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች ድግስ የማውጣት አቅም የሌለውን ሰው በጉልበቱ ወይም በሙያው ተራውን እንዲያወጣ ይፍቀዱለት፤ ውሃ የቀዳ፣ እንጨት የፈለጠ፣ መሶብ የሰፋች እንደ ደገሰ ይቆጠሩ። ከመጠለያ የመጣ ጎረቤት ከደጅ ከመቀበል አልፎ በመዝገቡ ላይ ስሙ ይጻፍ። የከተማው የባህልና የንግድ ትርዒቶች የአርጎባን ሸማኔ፣ የመንዝን የበርኖስ ሠሪና የአንኮበርን ሸክላ ሠሪ ሥራ ሲያሳዩ የሠሪውን ስም አብረው ይጻፉ፣ ሠሪውንም ከመድረኩ ይጥሩት። መምህራንም ልጆች የሠፈራቸውን ባለ ሙያ ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርጉ። ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕግም በጀትም አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ማኅበር በሚቀጥለው ወር ስብሰባው ሊወስነው ይችላል።